ጥጋብ ያሸነፈን ቀን

ያኔ ብታዩኝ ትጠሉኝ ነበር። «እኔስ ወድጄህ ነበር» የሚለኝ ሰው ካለ እሱም ያኔ የእኔው ቢጤ ነበር ማለት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ አገሩ መተማ ዮሐንስ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በከተማው ክሊኒክ ድሬሰር ሆኜ መርፌ እወጋለሁ፣ ቁስል አጥባለሁ፣ የወባ ክኒን አድላለሁ። ይህ እንጀራዬ ነው። ኩራቴ ግን እግሬ ነበር። የከተማው እግር ኳስ ቡድን አምበልና አጥቂ ነኝ። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ የአውራጃውን ዋንጫ ስናነሳ የመጨረሻዋን ግብ ያገባሁት እኔው ነበርኩ።

ስለዚያች ግብ እውነቱን ልንገራችሁ። ኳሷን የመታት ሌላ ሰው ነው። የበረኛውን እጅ ነክታ ስትመለስ ጉልበቴን አገኘችውና ገባች። መግባቷን ያወቅሁት ጓደኞቼ ላዬ ላይ ሲወድቁ ነው። ግን ሕዝብ አንዴ ትከሻው ላይ ካወጣህ በኋላ «ኧረ በጉልበቴ ነች» ብሎ መውረድ ይከብዳል። ሳምንት ሳይሞላት ግቧ ከሩቅ የተመታች ሆነች። በወሩ ሁለት ተከላካይ አልፌ ነበር ያገባኋት። ክረምቱ ሲወጣ ተከላካዮቹ አራት ደረሱ። የሚገርማችሁ፣ ሌላውን ስዋሽ ቆይቼ በመጨረሻ ራሴም አመንኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ወራት ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ። ሻይ ቤት ስንገባ ወንበር ይለቀቅልናል። የባቄላ ፉሉም የከርከዴ ሻዩም በነጻ ነው። ድንበር ተሻግረው ጋላባት የሚነግዱ ሰዎች ከሱዳን አዲስ ታኬታ አስመጥተው አደሉን። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ እኛም ባበሉን ቤት ሁሉ ስለ ራሳችን ጮኽን። አሥራ ስምንት ጎረምሶች ነበርን፤ ሆድ አወጣን፤ አገጫችን ተደረበ፤ አረማመዳችን ሳይቀር ተለወጠ። ለመሄድ ሳይሆን ለመታየት የምንራመድ ሆንን።

ይህ ጥጋብ ሜዳ ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ክሊኒክ ድረስ ተከትሎኝ ገባ። ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ሲጠብቅ እኔ ተራ ለያዙት ሁሉ ግቧን እተርካለሁ። አንድ ቀን አንዱ ሳሉግ አቋረጠኝ። ሳሉግ የምንለው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አነጋገሩ የወሎ የሆነ ሰው ነበር። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣

«ወንድምዬ፣ ክኒኑን አሁን ስጠኝና ግቡን ኋላ ብታገባው ምናለ?» አለኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከፊት አንስቼ የሰልፉ መጨረሻ ላይ አቆምኩት። እየተንቀጠቀጠ አንድ ሰዓት ቆመ። ይህን ያደረገው እጅ ይኸው ዛሬ የምጽፍበት እጅ ነው።

አሠልጣኛችን ጋሼ ደሳለኝ ይባላሉ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። እግራቸው እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ንግግራቸው አጭር። ዋንጫውን ያስገኙልን እሳቸው ናቸው፤ ይህን ከእኛ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ከዋንጫው ፈንጠዝያ በኋላ እንደ ድሮው ፀሐይ ሳትበረታ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልምምድ ጠሩ። ከአሥራ ስምንታችን አራት ሰው መጣ። በሁለተኛው ቀን ሁለት። እኔ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዓት ላይ ጥቁር መነጽር አድርጌ ሄድኩ፤ ለመሮጥ ሳይሆን ለመጎብኘት። ጋሼ ደሳለኝ መነጽሬን አዩና፣

«ሙላት፣ የሰኔ እንጀራ የመስከረምን ሆድ አይሞላም» አሉኝ። ወደ ሌሎቹም ዞረው «ልጆች፣ ነገ ካልራባችሁ የትናንቱ ዋንጫ ምንም አይደለም» አሉ።

እኛ ሳቅን። በየቀኑ ግን ይህንኑ አሉን። ሳቁ አለቀና ንዴት መጣ።

መስከረም ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ስለ ስፖርቱ ድል አንድ ሰዓት ተናገረ። ኳስ በእግር ይምቱት በእጅ የማያውቅ ሰው ነው፤ ዋንጫው ግን ከቢሮው ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ያሸነፈው እሱ ነበር። ሲጨርስ «በቡድናችሁ ውስጥ ችግር ያለበት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ተነሳሁ።

«አሠልጣኙ የሕዝቡን ድል ያንቋሽሻሉ» አልኩ።

«ምን ብለው?»

«ዋንጫው ምንም አይደለም አሉ።»

የሰውዬውን ዓረፍተ ነገር ከመሀል ቆርጬ ጭራውን ብቻ ወረወርኩት። በዚያ ዘመን «የሕዝብ ድል» የሚለው ቃል ከምን ጋር እንደሚያነካካ የማያውቅ አልነበረም። እኔም አውቃለሁ። እና ምን ፈልጌ ነው? የጠዋት እንቅልፌን ነው፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። አንድ ሰው ለጠዋት እንቅልፉ ብሎ መምህሩን እስከዚህ ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል ያወቅሁት በራሴ ነው።

ሊቀመንበሩ እዚያው «ከዛሬ ጀምሮ ከቡድኑ ተነስተዋል፤ በክትትል ሥር ነዎት» አላቸው። ጋሼ ደሳለኝ ከተሰብሳቢው መሀል ተነሱ። ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወጡ። ቡድኑን እንዳሠለጥን ለእኔ ተሰጠኝ። በእኔ አሠልጣኝነት አንድም ቀን ልምምድ አልተደረገም።

ጥቅምት ገባ። ከአራት ሳምንት በኋላ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ጎንደር እንወጣለን። ሊቀመንበሩ ሠራተኛውን ለማነቃቃት ብሎ ከከተማው ራቅ ካለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ጨዋታ አዘጋጀ። ተጋጣሚያችን ሳሉጎቹ ናቸው። ዜናውን ስንሰማ የሳቅነው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። «ስንት እናግባ?» ብለን ተወራረድን። አንዱ ጓደኛችን «አሥር ካለፈ ያለቅሳሉ፤ ስምንት ይበቃል» አለ። እኔ ደግሞ ቸር ነኝና ሰባት ብዬ አጸደቅሁ።

እሁድ ጠዋት በትራክተር ተሳቢ ተጫንን። እየዘፈንን፣ ግራና ቀኝ የሚያጭደውን ሰው እየተሳደብን ሄድን። ሰሊጡ ደርሶ ነበር። ሠራተኛው ያጨደውን እያሰረ፣ ነዶውን እያቆመ ሂላ የምንለውን ክምር በየቦታው ሠርቷል። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ከደረቀ ከረጢቱን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ እሁድም ቢሆን እስከ ቀትር ሥራ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ነው። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ሁለት ፍየል አርዶ ጠበቀን። ምን ዓይነት ተጫዋች ነው ከጨዋታ በፊት ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ? የአውራጃ ሻምፒዮን ነው! በላን። ጠላ መጣ፤ ጠጣን። ዳስ ውስጥ ተጋድመን አንኮራፋን። ስድስት ሰዓት ላይ ሳሉጎቹ ከማሳ መጡ። ከበርሜል ውሃ እየቀዱ ፊታቸውን ተለቃለቁ፣ ትንሽ የማሽላ እንጀራ ቀመሱ፣ ጥላ ሥር ዝም ብለው ተቀመጡ። መሀላቸው አንድ ባርኔጣ ያጠለቀ ሽማግሌ ቆሟል። እግሮቹን አይቼ አወቅኋቸው።

«ጋሼ ደሳለኝ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኩት ሥራ አስኪያጁን።

«አልሰማህም እንዴ? እነዚህ ሰዎች ከተማ ወርደው ለምነዋቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግራቸው መጥተው ያሠለጥኗቸዋል፤ እሁድ ማታ ይመለሳሉ።»

«ታዲያ ምን አስተማሯቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ከንጋት በፊት ተነስተው ይሮጣሉ፤ ከዚያ ወደ አጨዳ ይገባሉ። እብዶች ናቸው።»

ሜዳውን አየሁት። የቆላ ዋልካ አፈር በዚያ ወር መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ስንጥቁ የሰው እግር ይውጣል። እነሱ ግን ስንጥቁን አንድ በአንድ ከወንዝ ባመጡት አሸዋ ሞልተውታል። ማን አዘዛቸው? ማንም። እኛ የከተማችንን ሜዳ ሣር በልቶት እንኳ አንድ ቀን ጎንበስ አላልንም።

ሰዓቱ ደረሰ። ዙሪያውን ሁለት መቶ የሚሆን ሠራተኛ ማጭዱን እንደያዘ ቆመ። ሊቀመንበሩ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ዳሱ ሥር ወንበር ላይ ተሰየመ። እኛ በሱዳን ታኬታ ገባን። እነሱ ገሚሱ በረባሶ አጥልቋል፣ ገሚሱ ባዶ እግሩን ነው። የሚጠብቀኝ ተከላካይ ረጅምና ቀጭን ነው። ይመር ይባላል።

«አንተ፣ ኳስ በማጭድ የሚታጨድ መሰለህ?» አልኩት።

«አብሽር ወንድምዬ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «አላወቅኸኝም?»

«ከየት አውቅሃለሁ?»

«ግቡን ኋላ አግባው ያልሁህ ነኝ። ይኸው ክኒኔን ጨርሻለሁ፤ እንጫወት።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግብ አገባሁ። ይቺኛዋ እውነተኛ ግብ ነበረች፤ ይመርን አልፌ፣ በግራ እግሬ፣ ከማዕዘኑ ሥር። ባትገባ ይሻለኝ ነበር። ሮጬ ሊቀመንበሩ ፊት ሄድኩና እጅ ነሳሁ። ለተመልካቹ እጄን አወዛወዝኩ። ጸጉሬን አስተካከልኩ። ዞር ስል ሳሉጎቹ ኳሷን መሀል ላይ አስቀምጠው ቆመው ይጠብቁኛል። ፊታቸው ላይ ንዴት ፈለግሁ፤ አጣሁ። አልተናደዱም፤ ቸኩለው ነበር።

ከዚያ ሮጡ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እኛ ኳስ ስትመጣ እንሮጣለን፤ እነሱ ኳስ ሳትመጣም ይሮጣሉ። አንዱን ስናልፍ ሌላው ቆሟል፤ ያለፍነው ደግሞ ዞሮ ከፊታችን ይገኛል። ብልሃታቸው ከእኛ አይበልጥም ነበር፤ ይህን አሁንም እላለሁ። ግን ብልሃት ትንፋሽ ከሌለው ምን ያደርጋል? በሃያኛው ደቂቃ አንድ ለአንድ ሆንን። ከእረፍት በፊት ሁለት ለአንድ መሩን።

በእረፍት ሰዓት ተሳቢው ጥላ ሥር ተዘረርን። ሊቀመንበሩ መጣ።

«ጓዶች፣ ምንድን ነው የማየው? ሻምፒዮን አይደላችሁም እንዴ?»

«አይጨነቁ ጓድ ሊቀመንበር፣ ገና እየተሟሟቅን ነው» አልኩት። ሦስት ወር ሙሉ ተኝቶ አሁን የሚሟሟቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ነበርኩ።

ውሃ ልቀዳ ወደ በርሜሉ ስሄድ የጋሼ ደሳለኝን ድምፅ ሰማሁ።

«ሁለት ለአንድ ትመራላችሁ። እሱን እርሱት፤ ዜሮ ለዜሮ ነው። የደከመው ማነው?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«የጠገበውስ?»

ሳቁ። አንዱ ወደ እኛ በአገጩ ጠቆመና የባሰ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ወደ እኛም አልዞሩም።

ሁለተኛው አጋማሽ የእርድ ያህል ነበር። ሦስተኛው ግብ ገባ። አራተኛው ሲገባ ተከላካያችን ቁጭ ብሎ የታኬታውን ማሰሪያ ያስር ነበር። እኔ ፀሐዩ ግንባሬ ላይ፣ ፍየሉ ሆዴ ውስጥ፣ ኳስ ወደኔ እንዳትመጣ እየጸለይኩ ቆምኩ። መጣች። ከይመር ጋር አሥር እርምጃ ያህል ሮጥኩ። ከዚያ ሆዴ እምቢ አለ። ከመስመሩ ዳር ተንበርክኬ በሁለት መቶ ሰው ፊት የበላሁትን ሁሉ መለስኩት። የእርሻው ውሻ መጥቶ በላው። ዋንጫ ያነሳሁ ቀን ያጨበጨበልኝን ሕዝብ ፊት ረስቼዋለሁ፤ የዚያን ውሻ ፊት ግን አልረሳሁትም።

ይመር አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና፣

«ጥጋብ ነው፤ ይወጣል» አለኝ። ለማሾፍ ይሁን ለማጽናናት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አምስት ለአንድ ሆነ። ሊያልቅ ሲል አንዱ ጓደኛችን ከክልሉ ውጭ በራሱ እግር ተጠልፎ ወደቀ። ዳኛው ወደ ዳሱ አየ፤ ሊቀመንበሩ ነቀነቀለት፤ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ሳሉጎቹ አልተከራከሩም። የሚመታው እኔ ነኝ። በረኛቸው በረኛ ሆኖ የማያውቅ የጎጃም ሰው ነው፤ የተመረጠው ሐብሐብ ሲወረወርለት ስለማይስት እንደሆነ ኋላ ነገሩኝ። መታሁ። በሁለት እጁ ቀለባትና ደረቱ ላይ አቅፎ፣

«ሌላ አለህ?» አለኝ።

ጨዋታው አለቀ። እኔ ውርደቱ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ሜዳው ገባ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ይህ ጨዋታ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «ይህ አሻጥር ነው! ይህ ሰውዬ የቡድናችንን ምሥጢር ይዞ የሕዝቡን ድል ሊያዋርድ ሌላ ቡድን አቋቋመ። ያዙት!»

አብዮት ጠባቂዎቹ የጋሼ ደሳለኝን ክንድ ግራና ቀኝ ያዙ። እሳቸው አልታገሉም። ባርኔጣቸው ወደቀ። አናታቸው ገላጣ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር።

«ሙላት!» አለ ሊቀመንበሩ። «ና ወደዚህ። ያኔ በስብሰባ የተናገርከውን አሁን በሠራተኛው ፊት ድገመው። ምን ነበር ያሉት?»

አፌ ውስጥ ገና ያቀረሸሁት ይመራል። ጓደኞቼ ተሳቢው ላይ ወጥተው መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ እንደ ዋዛ የወረወርኩት ቃል ዞሮ ከእጄ ገባ። ልድገመው? ብደግመው ቀላል ነው፤ ሽንፈቱ አሻጥር ይሆናል፣ እኔም ሻምፒዮን ሆኜ እገባለሁ። ሰውዬው ግን ከዚያ በኋላ የት እንደሚገቡ ማንም አያውቅም። በዚያ ዘመን በዚህ ዓይነት ቃል ሰበብ እስር ቤት ገብተው ያልወጡ ነበሩ።

ጀግና ነበርኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ግን በዚያች ቅጽበት ራሴን በጣም ናቅሁት፤ ከዚህ በላይ ልንቀው የምችልበት ቦታ አጣሁ።

«ያኔ የነገርኳችሁ ውሸት ነው» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ግማሹን ቆርጬ ነው። ጋሼ ደሳለኝ ያሉት ‹ነገ ካልራባችሁ የትናንቱ ዋንጫ ምንም አይደለም› ነው። እኔ ጠዋት መነሳት ጠልቼ ነው የከሰስኳቸው። ዛሬም አሻጥር የለም። ሦስት ወር አልሮጥንም። ከጨዋታው በፊት ደግሞ ሁለት ፍየል በልተናል። ያሸነፈን ጥጋባችን ነው።»

ሊቀመንበሩ በጥፊ አጮለኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ወዲያው ወደ ጠባቂዎቹ ዞሮ «ሽማግሌውን ውሰዱት!» አለ።

ያኔ ይመር ወደ ፊት ወጣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ጓድ፣ አሠልጣኛችንን ከወሰዳችሁ እኛም ነገ ወደየአገራችን እንሄዳለን።»

ከኋላው ሁለት መቶ ሰው ቆሟል። ማጭዱንም ያነሳ የለም። ብቻ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ሥራ አስኪያጁ ላብ አጠመቀው። ሮጦ ሊቀመንበሩ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለ፤ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት፤

«ጓድ፣ ሰሊጡ ሦስት ቀን አይቆይም፤ ይረግፋል። የመንግሥት ሰሊጥ ነው። ‹ማን አረገፈው?› ቢባል ስሙ የማን ሊጻፍ ነው?»

ሊቀመንበሩ ሰሊጡን አየ። ሰዎቹን አየ። ያ ሁሉ አብዮታዊ ቁጣ ወዴት እንደገባ አላውቅም፤ ሰውዬው ዐይናችን እያየ አነሰ።

«ልቀቁት» አለ። ከዚያ ጣቱን እኔ ላይ ቀሰረ፤ «አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ አምበልም ተጫዋችም አይደለህም። ተሳቢው ላይ እንዳትወጣ፤ በእግርህ ግባ!»

ትራክተሩ ሄደ። ከአሥራ ሰባቱ ጓደኞቼ አንድ እንኳ አብሮኝ የወረደ የለም። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ብሆን አልወርድም ነበር።

ጋሼ ደሳለኝ ባርኔጣቸውን አራግፈው አጠለቁና መንገድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። አዲሱ ታኬታዬ ተረከዜን ስለላጠው አውልቄ በእጄ ያዝኩትና በባዶ እግሬ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ያህል ከኋላቸው ተጓዝኩ። በመጨረሻ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

ሳይዞሩ መለሱልኝ። «ለምኑ?»

«በስብሰባ ላይ ላደረግሁት። ለሁሉም።»

«ተሸንፎ ይቅርታ የማይጠይቅ ማን አለ?» አሉ። «የተሸነፈ ሰው ሁሉ ትሑት ነው። ስታሸንፍ መጥተህ በለኝ፤ ያኔ እሰማሃለሁ።»

ይህን ብለው እርምጃቸውን አፈጠኑ። ጥፊው በሳምንቱ ለቀቀኝ። ይቺ ቃል ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

ቡድናችን ያለ እኔ ጎንደር ወጣ። በመጀመሪያው ጨዋታ ተዋርዶ ተመለሰ። አዘንኩ ብዬ እንዳልዋሽ፣ ደስ ብሎኛል። ሊቀመንበሩም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ዋንጫው ከጠረጴዛው ላይ ሲነሳ ማንም አላየውም፤ የጠየቀም የለም።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ደሳለኝ ኋላ ኋላ ወደ እርሻው መሄድ ጀመርኩ። ና አላሉኝም፤ ሂድም አላሉኝም። ሳሉጎቹ ንጋት ላይ ሲሮጡ ከመጨረሻው ሰው ሃያ እርምጃ ኋላ ነበርኩ። ዘግይቼ በደረስኩ ቁጥር «ድሬሰር፣ ክኒን እናምጣልህ?» እያሉ ይሳለቁብኛል። የክኒን ከረጢቴን ይዤ መሄድ የጀመርኩትም ያኔ ነው፤ ከሩጫው በኋላ ወባ የያዘውን እዚያው አክማለሁ፣ ሰልፍ የለም፣ ተረት የለም። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ጨዋታ አልተሰለፍኩም። አጨዳው ሲያልቅ ይመርና ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ተበተኑ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመለሱ ከተማው ጋሼ ደሳለኝን ለምኖ መለሳቸው፤ እሳቸው ደግሞ የቡድኑን ግማሽ ከአጨዳው በኋላም ከቀሩት የእርሻው ሰዎች መሠረቱት። እኔ አምበል አልነበርኩም። አምበሉ ይመር ነበር።

አንባቢዎቼ፣ እስካሁን የነገርኳችሁን ስለ እግር ኳስ ብቻ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት በሕክምና ሥራ ኖሬአለሁ፤ ጥጋብ ያልገባበት ቤት አላየሁም። አንድ ቀዶ ጥገና ተሳክቶለት ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ያልገለጠ ሐኪም አውቃለሁ። አንድ ዓመት ሸጦ ሁለተኛውን ዓመት ማሳውን ለአረም የለቀቀ ባለ እርሻ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ተመስግኖ ዕድሜውን ሙሉ ያቺን ምስጋና ሲያመነዥክ የኖረ መዓት ሰው አውቃለሁ፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ መቀመጥ ያቅለሸልሸኛል፤ ምክንያቱም ሽታቸውን በደንብ አውቀዋለሁ። እናንተም ትናንት ያገባችሁትን ግብ ዛሬ የምትተርኩ ከሆነ፣ ከፊታችሁ የቆመውን ሰው አስተውሉት። ምናልባት ክኒኑን እየጠበቀ ይሆናል።

ይመርና ጓደኞቹ በተመለሱበት ዓመት ሰኔ የአውራጃውን ዋንጫ እንደገና አነሳን። እኔ ግብ አላገባሁም፤ ይመር ላገባት ኳሷን ያቀበልኩት ግን እኔ ነኝ፤ በጉልበቴም አልነበረም። ከተማው ወጣ፤ ከበሮ ተመታ፤ ትከሻ ላይ ሊያወጡኝ ሲጎትቱኝ ተንሸራትቼ ወረድኩ። ጋሼ ደሳለኝ ከሰው መሀል ጠፍተው ነበር። ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የተማሪ ደብተር ያርማሉ።

«ጋሼ፣ አሸነፍን» አልኳቸው።

«አይቻለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ።

«እሺ፣ ሰማሁህ» አሉ። ከዚያ ደብተሩን መልሰው ገለጡና፣ «ነገ ለልምምድ በስንት ሰዓት ነው የምትመጣ?» አሉኝ።